የበርበራው ጥቁር ራስ ወፍ በድምፅ ብልጫ የተለየበት ስብሰባ

ቀን፦ ዓርብ የካቲት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ከቀኑ 8፡00
ቦታ፦ ሐርጌሳ፣ ኮድቡር ሰፈር፣ ጣሪያው ገና በግማሽ ቆርቆሮ የተመታው የትምህርት ቤታችን ክፍል (ወንበሮቹ ጥላው ባለበት በኩል ተደርድረዋል)
የተገኙ፦ አቶ ኢርፋን (ሊቀመንበር፣ ልብስ ሰፊ)፣ መምህር ኢዘዲን (የሳይንስ አስተማሪ)፣ ሳማታር (ሾፌር፣ ድሬዳዋ ያደገ)፣ ወ/ሮ ጣይባ (ልብስ አጣቢ)፣ ቢልቂስ (ጸሐፊ)
ከሰባት የመረዳጃ ኮሚቴ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የታየውን ወፍ መለየት

ባለፈው ማክሰኞ አባላቱ የጣሪያ ቆርቆሮ ለማምጣት በርበራ ወደብ ወርደው፣ መኪናው እስኪጫን ባሕር ዳር ሲጠብቁ፣ ወ/ሮ ጣይባ ከባሕር ወፎቹ መካከል አንድ እንግዳ አይተዋል። ቆርቆሮውን የሰጠው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ አንድ ወፍ አጥኚ ፈረንጅ ወሬውን ሰምቶ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ እስከ ነገ ጠዋት ስጡኝ፣ ሪፖርቴ ውስጥ አስገባዋለሁ ብሏል።

ወ/ሮ ጣይባ ሲያስረዱ፣ ወፉ ከሌሎቹ በጣም የሚበልጥ፣ ራሱ እስከ አንገቱ ጥቁር፣ ዓይኑ ከላይና ከታች ነጭ ያለበት፣ ቢጫ ምንቃሩ ጫፉ አጠገብ ቀይና ጥቁር፣ ጀርባው ፈዛዛ ግራጫ ነበር አሉ።

መምህር ኢዘዲን የወፍ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ እንዲህ ያለ ወፍ በርበራ ሊገኝ አይችልም፣ የታየው ተራው ትንሽ ነጭ የባሕር ወፍ ነው አሉ። ሳማታር መጽሐፉ የየት አገር እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ የእንግሊዝ ነው፣ ወፍ ግን የትም ወፍ ነው ብለው መለሱ።

ሊቀመንበሩ እሳቸውም በዓይናቸው እንዳዩት፣ ተራ ወፍ ሆኖ ራሱን የመርከብ ዘይት ነክቶት እንደነበር ገለጹ። ሳማታር በዚያ ሰዓት ጋቢና ውስጥ ተኝተው እንደነበር አስታወሳቸው። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሰቡ እንደነበር ይያዝልኝ አሉ። ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የወፉ ራስ ወ/ሮ ጣይባ እንዳሉት፣ ከአንገት በታች መምህሩ እንዳሉት እንዲሆን በሦስት ድጋፍና በሁለት ተቃውሞ ተወሰነ። ጸሐፊዋ የደገፈችው ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ነው።

አጀንዳ 2፦ ምስክሩ ማን ይሁን

ሊቀመንበሩ ፈረንጁ የልብስ አጣቢ ቃል ላይቀበል ስለሚችል የእሳቸው ስም ይግባ አሉ። በተመሳሳይ ድምፅ ተወሰነ።

ወ/ሮ ጣይባ ተነሡ። "አቶ ኢርፋን፣ ሃያ ዓመት ልብስ አጥቤ ነው የኖርኩት። ነጩን ነጭ ከሚመስለው ባልለይ ማን ያሠራኝ ነበር? ይሄ የለበሱት ሸሚዝ ነጭ ይመስልዎታል። ግራጫ ነው። ኮሌታው ደግሞ ቢጫ ነው" አሉ።

ሊቀመንበሩ ከጥላው ወጥተው ሸሚዛቸውን በፀሐይ አዩት። ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚህ መሐል መምህር ኢዘዲን የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ሲያገላብጡ፣ "ከምሥራቅ አልፎ አልፎ መንገድ ስተው የሚመጡ" ከሚለው ሥር አንድ ሥዕል አግኝተው ለወ/ሮ ጣይባ አሳዩ። ወ/ሮ ጣይባ "ወላሂ ይሄው ነው። ምንቃሩን ግን ሠዓሊው በደንብ አላየውም" አሉ። መምህሩ ቅድም ስላሉት "አፉ በሉኝ" አሏቸው።

ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ኮሚቴው ወፍን በድምፅ ብልጫ የመለየት ሥልጣን የለውም። ለፈረንጁ የሚሰጠው ጽሑፍ ወ/ሮ ጣይባ በተናገሩት ቃል፣ በስማቸው እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ጸሐፊዋ እዚያው ጽፋ አነበበች። ወ/ሮ ጣይባ ስማቸው ያለበት መስመር እንዲደገምላቸው ጠየቁ። ተደገመላቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠየቁ። ስብሰባው ለዐስር ሶላት 9፡30 ላይ ሊበተን የነበረ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት 9፡35 ላይ ተበትኗል።