ካድሬው ያቃናልኝ ጥቁር ጉድጓድ

ዛሬ ሰርግ ላይ የገጠመኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

አዘዞ የጎረቤቴ ልጅ ሰርግ ላይ ሥጋዬን ይዤ ቁጭ ከማለቴ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ዞር ስል ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው?

ጓድ ምትኩ!

በደርግ ጊዜ እኔ እዚሁ ጎንደር የፊዚክስ መምህር፣ እሱ ደግሞ የበዓል ኤግዚቢሽናችን ኃላፊ ካድሬ ነበር። (አንቱታውን ከዚህ በኋላ ትቼዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ።)

ያኔ በአንድ መጽሔት ስለ ሩቅ ጋላክሲ አነበብኩ። መሃሉ ላይ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ ከዙሪያው ጄት የሚባል ፍንጥቅ ወደ እኛ አቅጣጫ ይወረወራል። የጄቱ ብርሃን ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ ከዓመታት በኋላ መልሶ ይደምቃል። ለምን? ምናልባት ሌላ ጥቁር ጉድጓድ እየዞረው ይሆናላ! እንቅልፍ አሳጣኝ።

ለአብዮት በዓል የብርሃኑን ግራፍ በትልቅ ካርቶን ሠራሁት። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ዳገት፤ ሊማሊሞ በሉት። ከአዲስ አበባ አንድ ፕሮፌሰር መጥተው፣ ሥራችንን አይተው፣ ከመምህራን አንዱን ለሁለተኛ ዲግሪ ሊመርጡ ነበር። ሌላ ዕድል አልነበረኝም።

ጓድ ምትኩ በዋዜማው የተሰቀሉትን ግራፎች እያየ አዳራሹን ዞረ። የሳንጃ ሰሊጥ ወደ ላይ። የጃናሞራ በግ ወደ ላይ። መሠረተ ትምህርት ወደ ላይ። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ምነው ይኼ ይወርዳል?»

ቁም ነገሩ መውረዱ ነው አልኩት። ካልወረደ ዑደት የለም፤ ዑደት ከሌለ የሚዞር ነገር መኖሩን በምን እንገምታለን? ደግሞስ ጋላክሲው ከጎንደር ክፍለ ሀገር ውጭ ነው! ከምድርም ውጭ ነው!

«በበዓል ቀን የሚወርድ መስመር አይሰቀልም» አለና ሰዓሊውን ጠራው። ሰዓሊው ቁልቁለቶቼን በነጭ ቀለም ሸፍኖ አንድ ቀይ መስመር ወደ ጣሪያው አሰመረ።

ጥቁር ጉድጓዱም ኮታውን አሟላ!

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ መጡ። ርዕሱን አነበቡ፦ «በየጊዜው የሚደምቅና የሚደበዝዝ ብርሃን»። መስመሩን አዩ። እኔን አዩ።

«የቱ ጋ ነው የሚደበዝዘው?» ሲሉ በትሕትና ጠየቁኝ።

ጓድ ምትኩ ከኋላዬ ቆሟል። በዚያ ዘመን ምን ይባላል? ዕድሉ ለኬሚስትሪው መምህር ተሰጠ፤ እኔ ጡረታ እስክወጣ ዘጠነኛ ክፍል አስተማርኩ።

ዛሬ ይህ ሰው እጄን ይዞ፣ የዚህን መምህር የሳይንስ ሥራ ያቃናሁለት እኔ ነኝ እያለ ለጠረጴዛው ሁሉ አወራ። ሰዉም አጨበጨበላችሁ!

ደሜ ፈላ። ስንት ዘመን ያጠራቀምኩት ስድብ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። እሱ ፈገግ ብሎ «ሸጋ አድርገን አልሠራነውም?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«አዎ፣ ጓድ» አልኩት።

እስቲ ንገሩኝ፤ ደርግ ከወደቀ ይኸው ስንት ዘመኑ፣ ከእኔ አፍ የሚወድቀው መቼ ነው?