ዳኛው ያላወቀው የተጠባባቂዎቹ ቁጥር

ጎንደር ውስጥ ታሪክ የሌለው ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ደክሞዎት የፈረሰ ካብ ላይ አረፍ ቢሉ እንኳ አንዱ አስጎብኚ ይመጣና «እማማ፣ ይነሡ እንጂ፣ የንጉሥ ግንብ ነው» ይልዎታል። ታሪክ የሌለው የኛ የኳስ ክለብ ተጠባባቂ ቡድን ብቻ ነው። የዋናው ቡድን ታሪክ በቢሮው ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሰቅሏል፤ ዋንጫውም፣ ተጫዋቹም፣ ኳስ ነክተው የማያውቁት ሹማምንትም ከፊት ተደርድረው። ተጠባባቂውን ግን ማን ይጠይቀዋል? እንግዲያው እኔ ልጻፈው። ዳዊት ሳትጨርስ ያቋረጠች አሮጊት የኳስ ታሪክ ምን አገባት የሚል ካለ፣ መጀመሪያ የማልያውን ቁጥር ማን እንደሰፋው ይጠይቅ።

ቡድኑ የተወለደው እንዲህ ነው። ዋናው ቡድን የሚለማመድበት ተጋጣሚ አጣ። ከየሰፈሩ ጎረምሶች ተለቀሙና «እናንተ ሥራችሁ መሸነፍ ነው» ተባሉ። ልጆቹ ሥራቸውን አላወቁበትም፤ በሁለተኛው ሳምንት ዋናውን ቡድን ሦስት ለባዶ አሸነፉት። ሹማምንቱ ደነገጡ። ከዚያ ወዲያ እርስ በርስ መጋጠሙ ቀረና ልጆቹ የተጠባባቂዎች ውድድር ውስጥ ተመዘገቡ። በኛ አገር ሰው ሲያስቸግር እንደሚሾም ታውቁ የለ?

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። ሸጋ ሸጋው ተጫዋች ወደ ዋናው ቡድን ይወጣል፤ ጉልበቱ የከዳው ደግሞ ወደ እኛ ይወርዳል። የጀማሪና የጡረተኛ ማኅበር በሉት። አንድ ጊዜ መኪናቸው ደባርቅ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በፎርፌ ተሸነፉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ግብ ጠባቂው ሲያገባ ቡድኑን በሙሉ ሚዜ አድርጎ መካነ ብርሃን ይዞት ሄደ። ሜዳ ላይ ዳኛውና ተጋጣሚው ቆመው ሲጠብቁ፣ የኛዎቹ እዚያ ጃናሞራ ላይ ሙሽራ ያጅባሉ! ይህም ፎርፌ ሆነ። ሦስተኛ ከደገሙ ከውድድሩ ይሰረዛሉ። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ፍስሐም ከተሰረዙ ቡድኑን አፈርሰዋለሁ ብሎ ማለ። አሰልጣኙ ደምሴ ያን ሰሞን ሲታይ አስከሬን የሚያጅብ ይመስል ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ነው የምገባው። ቁስቋም ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የካህናት ካባ እሰፋለሁ፣ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ደምሴ ቁጥር የሌላቸው አዲስ ማልያዎች ተሸክሞ መጣና፣ «እማማ ተዋቡ፣ ከአንድ እስከ ዐሥራ ስምንት ይስፉልን» አለኝ። ልብ በሉልኝ፣ የትኛውን ቁጥር አላለም። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ወንዶቹ ጉባኤ ቤት ተቀምጠው ሲቆጥሩ እኔ ከግድግዳው ኋላ ሆኜ ቆጥሬያለሁ፤ ያገኘሁት ትምህርት ያው ነው። የፈረንጁን ቁጥር አላውቅም አልልም፤ ስልክ ስደውል እጠቀምበታለሁ። ግን የስልክ ቁጥር ሰው ጀርባ ላይ ይሰፋል ብሎ ማን ያስባል? እናም ከ፩ እስከ ፲፰ ለካባ በምገዛው የወርቅ ክር ጠለፍኩት። ሲያልቅ ጳጳሳት እንጂ ኳስ ተጫዋቾች የሚለብሱት አይመስልም ነበር።

የጨዋታው ቀን ልጆቹ ለብሰው ሲወጡ እልል አልኩ። ዳኛው ግን ዞሮ አያቸውና ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ቁጥር የሌለው ቡድን አላጫውትም፤ ሩብ ሰዓት ሰጥቻችኋለሁ፤ ካላስተካከላችሁ ፎርፌ ነው አለ። ደምሴ ፕላስተር ፍለጋ ሮጠ፤ የተገኘው ፕላስተር ለአንድ ቁርጭምጭሚት አይበቃም። አቶ ፍስሐ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ሰዓቱን ያያል። እኔ ሜዳው መሀል ገባሁ።

«ዐይን የለህም እንዴ?» አልኩት ዳኛውን።

«እናቴ፣ ይህ እኮ ጥልፍ ነው» ይለኛል!

«ቤትህ ግድግዳ ላይ የቀን መቁጠሪያ የለም? እሱም ጥልፍ ነው?»

አፍሮ መሬት መሬት አየ። ቢሆንም ማንበብ የማልችለውን መዝገብ ላይ አልጽፍም ብሎ ድርቅ አለ። ሊፈረድበትም አይገባም፤ ተምሮ ነዋ!

አምስት ደቂቃ ሲቀር፣ የአባቴ ደቀ መዝሙር የነበሩት የኔታ ክንፉ ከቀሐ ወደ ቁስቋም ሊወጡ በሜዳው ጥግ ሲያልፉ አየኋቸው። ሮጬ ጋቢያቸውን ያዝኩ። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። ገና ነው፣ ግን ሊሞት ነው አልኳቸው። ከአራተኛው ዳኛ አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው፤ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ የእያንዳንዱን ጀርባ እያነበቡለት ጻፈ። ጨዋታውም ተጀመረ።

እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ዳኛው ቢጫ ካርድ ባወጣ ቁጥር ዞሮ የኔታን ያያል። እሳቸውም መጀመሪያ በግእዝ «ሰብዐቱ» ይላሉ፤ ሲጮሁባቸው «ሰባት ነው» ይሉና፣ «ግን አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ ከደግ ቤት ነው፣ ይቅር በለው» ብለው ይጨምራሉ። ከዚህ የባሰው የተጋጣሚው አሰልጣኝ ነው። ማንን እንደሚያሲዝ ጠፍቶት፣ «ያንን፣ ከላይም ከታችም መስመር ያለበትን ያዙት!» እያለ ይጮኻል። ዐሥራ አንዱም ላይ መስመር አለ! ተከላካዮቹ አንድ ልጅ ላይ ሦስት ሆነው ሲሰፍሩ፣ ፱ን የለበሰው ባዬ ብቻውን ቆሞ ኳስ ደረሰችውና አገባት። አንድ ለባዶ። ቡድኑም ከመፍረስ ተረፈ።

የተተረተረውን ጥልፍ ላድስ ብዬ ማልያዎቹን ሰብስቤ ቤቴ ወሰድኩ። አመሰገኑኝ? በሳምንቱ የቢሮው ተላላኪ ደብዳቤ ይዞ መጣ። አነበበልኝ። ተጠባባቂው ቡድን እንዲቀጥል ተወስኗል፤ ማልያው ግን በማተሚያ ቤት ይታተማል፤ የወይዘሮ ተዋቡ አገልግሎት ከእንግዲህ አያስፈልግም፤ በእጃቸው ያሉትን ማልያዎች ለቢሮው ይመልሱ። ከሥሩ የአቶ ፍስሐ ፊርማ፣ እንደ ራሱ የተንጋደደ።

መነጽሬን አድርጌ የደብዳቤውን ራስጌ አየሁት። ቁጥሩ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። አጥፌ መለስኩለት።

«ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም፤ አልቀበልም» አልኩት። «ለአቶ ፍስሐ ሩብ ሰዓት ሰጥቼዋለሁ በለው፤ ካላስተካከለ ፎርፌ ነው።»

ይኸው አራተኛ ሳምንቱ። ማልያዎቹ እኔው ዘንድ ናቸው፤ በፎርፌ አሸንፌያለሁ።