በዕድር ድንኳን የተጣደው ፕሮግራም

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ዓለም ተገልብጣ አደረች። የተኛሁት ልጄን ማኅደርን እያሰብኩ ነበር። ማኅደር የውኃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። "በየዓመቱ ለውጭ ኩባንያ ከምንገብር፣ ነገም ፖለቲካው ሲከፋ ከባሕር ማዶ ሆነው ከሚዘጉብን፣ ማንም ገልጦ የሚያየውን፣ ማንም የሚያርመውን፣ በነጻ የሚገኘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንጠቀም" ብላ ለአለቃዋ ለአቶ ደምሰው ጽፋ መልስ ትጠብቅ ነበር። እኔ ክፉውን አስቀድሜ ካልጠረጠርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። "ያባርሯታል" ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ የድርጅቱ በር ላይ ፈረንጅ ለጋሾች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ጀሪካን ያዘሉ የገጠር ሴቶች ጠረጴዛ ከበው ይመረምሯቸዋል።

"ባለፈው የሰጠናችሁን እርዳታ ምን አደረጋችሁት?" አለች አንዷ።

"በስብሰባ ጨረስነው፣ እመቤቴ" አለ አንዱ ፈረንጅ አንገቱን ደፍቶ።

ወዲያው ግቢው የሰፈራችን ዕድር ድንኳን ሆነ። ፕሮግራሙ በዕድሩ ትልቅ ድስት መሐል ላይ ተጥዷል። ያለፈ ያገደመው እየገባ ያማስላል፣ ይቀምሳል፣ የጎደለውን ይጨምራል። ሽንኩርት የምትልጠው ጎረቤቴ አሰገደች በቢላዋዋ ጫፍ ከድስቱ አንድ ስሕተት አውጥታ ወረወረች።

"ኧረ ይሰረቃል! ቆልፉት!" ብዬ ጮኽኩ።

"ሰርቆ የት ሊያደርሰው? በየቤቱ አለ እኮ! አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ሟርት!" አለችኝ።

ደጃፉ ላይ ከረባት ያሰረ የኩባንያ ሰው የቁልፍ ክምር ታቅፎ "ስለ እናታችሁ፣ የሚቆለፍ ነገር!" እያለ ይለምናል። ሴቶቹ "እግዜር ይስጥህ" ብለው አሳለፉት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ አገር አበል የሚከፍለው ተሰብሳቢው ስለነበረ፣ ስብሰባው ወንበር ሳይሞቅ አለቀ። አቶ ደምሰው ልጄ ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆሙ።

"እትዬ ማኅደር፣ ከሥራ እንዳያባርሩኝ፤ የልጆች አባት ነኝ።"

"ምን ትችላለህ?"

"መፈረም።"

"እሱን ሁላችንም እንችላለን። ይልቅ ድስቱን ማጠብ ተለማመድ።"

ዕድርተኛው ከተቀመጠበት ተነሣ። "ድስቱ የጋራ ነው፤ ወጥ የሚያውቅ ሰው ግን ብርቅ ነው። የማኅደር ደሞዝ ይጨመር!" አለ በአንድ ድምፅ። የሚያስፈራኝ ነገር አጣሁ። ማጣቴ ራሱ አስፈራኝ። ቢሆንም እልል አልኩ።

በራሴ እልልታ ባነንኩ። ነግቷል። ማኅደር ስልኳን ይዛ ራስጌዬ ቆማለች።

"እማዬ፣ የማን ሰርግ ነው?"

"ጸደቀልሽ?"

"ጸደቀ። አቶ ደምሰው አሁን ላኩልኝ።"

"ተመስገን! ምን አሉ?"

ስልኩን አስጠጋችልኝ። "ሐሳብሽን ተቀብለናል። የፕሮግራሙ ማስተዋወቂያ ስብሰባ አንድ ሳምንት ሙሉ በሐይቅ ዳር ሆቴል፣ ከነአበሉ ይካሄዳል። ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝ በመሆኑም፣ ከዚህ ወር ጀምሮ አንቺም በነጻ ታገለግያለሽ። እንኳን ደስ ያለሽ።"