ሐጂ ኢድሪስና በፎጣ የተጠቀለለው ብረት

«ሀገር ለምን አታድግም?» የሚለውን ያህል ለጡረተኛ የሚስማማ ጥያቄ የለም። ወገብ አያሳምምም፤ መልስ ስላልተገኘለትም አያልቅም። እኛ የፍራንክፈርት የድሮ ተማሪዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንገናኝ፣ የራሳችን ሀገር ጉዳይ ስለሚያኳርፈን የዐረቦቹን እንመረምራለን። ያን ሁሉ ነዳጅ፣ ያን ሁሉ ወደብ ይዘው ምን ነካቸው? አንዱ ያሰነፋቸው ራሱ ነዳጁ ነው ይላል፣ አንዱ ቅኝ ገዢውን፣ አንዱ ጄኔራሎቹን ይከሳል። እኔ ዝም እላለሁ። ጨዋ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ስለ ዐረብ ሀገር ኢኮኖሚ የማውቀው አንድ የዘይት መጭመቂያ ብቻ ስለሆነ ነው።

መጭመቂያው የሐጂ ኢድሪስ ነው። በወጣትነቴ ከደርግ ሸሽቼ ካርቱም ስገባ ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ሰሊጥ እሸከም፣ ፋጉሎ እጠርግ ነበር። ከእኔ በዕድሜ ብዙም አይርቁም፤ ግን ያኔ አንቱ ብዬ ጀመርኩ፣ ዛሬም አንቱ ናቸው። ጀርመን ከገባሁ በኋላም አልተለያየንም፤ መጭመቂያው ጀርመን ሠራሽ ነውና መለዋወጫ ባስፈለጋቸው ቁጥር የሚደውሉት ለእኔ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ስልክ ነው የሱዳንን ታሪክ የተማርኩት። አንዴ «መንግሥት ሊወርሰው ነው» አሉኝ። ቀጥሎ «ተወው፣ ያ መንግሥት ወድቋል» አሉኝ። ከዚያ ማዕቀብ መጣ። ዕቃው እዚህ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እያየሁት፣ ባንኩ የሱዳንን ስም ሲሰማ ክፍያውን አላስተላልፍም አለ። ማዕቀቡ ላላ ሲል ሀገሪቱ ለሁለት ተከፈለችና ነዳጁ ከደቡቡ ጋር ሄደ፣ ዶላር ጠፋ። ሕዝቡ ተነሥቶ አምባገነኑን ያወረደ ጊዜ ሐጂ የፋብሪካውን በር አረንጓዴ ቀለም ቀብተው ፎቶውን ላኩልኝ። ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጄኔራሎች ተጣሉ። የአንደኛው ወታደሮች ሞተሩን ነቅለው ወሰዱ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱን ደግሞ ለመዳቡ ሲሉ ከግድግዳው ውስጥ እየፈለቀቁ አወጡት። አረንጓዴው በር ብቻ ቀረ አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ።

ልጃቸው አሚና እዚሁ ፍራንክፈርት፣ ሽቫንሃይም የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ ነርስ ናት። ከብዙ ጭንቀት በኋላ አባቷ በፖርት ሱዳን በኩል ካይሮ መድረሳቸውን ሰማች። ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም። ያስጠጓቸው ዘመዶች «አባትሽ አንድ ብረት በፎጣ ጠቅልለው አቅፈው ነው የሚተኙት። ምንድን ነው ስንላቸው ይቆጣሉ» ብለዋታል።

«አጎቴ» አለችኝ፣ «አእምሮውን ነው የወሰዱበት።»

አይደለም ልላት ፈልጌ ነበር። ግን እኔም እንደሷ ነበር የፈራሁት።

ቪዛው በስንት መከራ ተገኝቶ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ አሚናና እኔ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደን ቆምን። አውሮፕላኑ ዐረፈ። መንገደኛው ወጥቶ አለቀ። ሐጂ የሉም። አሚና የመሐረቧን ጫፍ እየጠመዘዘች በሩን ትኩር ብላ ታያለች። በመጨረሻ አንድ የጉምሩክ ሰው ብቅ አለና የአባቷን ስም ጠርቶ «የሚያውቃቸው አለ?» አለ።

ገባን። ሐጂ ኢድሪስ ከስተው፣ ጀላቢያቸው ላይ ወፍራም ካፖርት ደርበው ቆመዋል። ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ፎጣ ላይ ጭነዋል። በፎጣው ውስጥ ክንድ የሚያህል፣ ጥርሱ የተበላ ጠመዝማዛ ብረት ተጋድሟል። አወቅሁት። የመጭመቂያው ዋናው አካል ነው፤ ሰሊጡን እየገፋ የሚጨምቀው እሱ ነው።

ሰውዬው «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የዘይት ማሽን ዕቃ ነው።»

«ሌላ ሻንጣስ?»

«የላቸውም።»

ብረቱን ገለበጠው። ከሥሩ የጀርመን ከተማ ስም ተቀርጿል። ፊቱ ወዲያው ፈታ አለ። «ኦ፣ የእኛው ነው» ብሎ ራሱ በፎጣው ጠቅልሎ መለሰላቸው። ልብ በሉልኝ፤ ሐጂ ለቪዛ ያን ያህል ተንከራተዋል፣ ብረቱ ግን በአንድ ፈገግታ ገባ።

ሐጂ ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ። እኔን አገላብጠው ሳሙኝ። ከዚያ «እዚህ ሀገር ጥሩ ቶርኖ ቤት ታውቃለህ?» አሉኝ። አሚና አየችኝ። ዐይኗ «ነገርኩህ» ይላል።

በማግስቱ «ቤት ይረፉ» ብንላቸው እምቢ አሉ። እኔ በምኖርበት በኒድ ሰፈር አንድ አሮጌ ቶርኖ ቤት አለ፤ ባለቤቱ ሽበታም ጀርመናዊ ነው። ብረቱን አገላብጦ አየ፣ ለካ፣ ጥርሱን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ። «የተሠራበት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ግን አስመስዬ መሥራት እችላለሁ» አለ።

ይህን ስተረጉምላቸው ሐጂ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። አሚና ግን አላስቻላትም።

«አባዬ፣ ሞተሩ የለ፣ ገመዱ የለ። ብረቱን ለምን ትፈልገዋለህ?»

«ሞተር ገበያ ላይ ይገኛል፤ ገመድም ይገኛል» አሉ ረጋ ብለው። «ይህ ግን አይገኝም፤ ወታደሮቹ ሳይመጡ ፈትቼ የደበቅኩት ለዚህ ነው። ሰላም ሲመጣ ማዕቀቡ ተነሣ አልተነሣ፣ ባንኩ ተከፈተ አልተከፈተ እያልኩ የምጠብቅበት ዕድሜ የለኝም። አሁን ጀርመን ነኝ፤ አሁን አሠራለሁ። እኔ ባልደርስ እንኳ ሠራተኞቼ ከሰላ ከተማ አሉ፤ እነሱ ያስነሡታል።»

«ታዲያ ለዘመዶቻችን ለምን አልነገርካቸውም?»

«ብነግራቸው ዕብድ ነው ይሉኝ ነበራ!»

አሚና ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ወረደ። እሑድ እሑድ ከሰማሁት ትንታኔ ሁሉ የዚህን ያህል ጤነኛ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ባለ ቶርኖው እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ «አንድ ነው የምትፈልጉት?» አለ።

ተረጎምኩ።

«ሁለት በለው።»

«ሁለተኛው ለምን?» አልኳቸው።

«አንዱ ለሰላሙ ነው» አሉኝ፣ ካፖርታቸውን እየቆለፉ። «ሌላው ደግሞ ከሰላሙ በኋላ ለሚመጣው መንግሥት።»