ላሸነፈው አሰልጣኝ የተጣለው ድንኳን

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበረኝ። የዩኒቨርሲቲያችንን የእግር ኳስ ቡድን ማሊያ የማጥበው እኔ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ስድስት አሰልጣኝ መጥቶ አምስቱ ተባርረው ነበር። ሁሉም ሲመጡ ውል ይፈርማሉ፤ ሲሸነፉ ይባረራሉ፤ ከዚያ «ውሌ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል» ብለው ይሟገቱና ቤታቸው ቁጭ ብለው የቀረውን ደመወዝ ይበላሉ። እኔን የቀጠሩኝ ግን «ነይ እስቲ እጠቢ» ብለው በአፍ ነው። አምና ወገቤን አሞኝ ሁለት ሳምንት ብተኛ፣ የሠራተኛ አስተዳደሩ አቶ ሽባባው «ውል የለሽ፣ ምን ብዬ ልክፈልሽ?» አለኝ። ውል ስጡኝ ስል ደግሞ «እናያለን» ይላል። እስካሁን እያየ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ምሳዬን በልቼ ያልታጠበው ማሊያ ክምር ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ዓለም ተገልብጣ ታየችኝ።

ሜዳው ሰማይ ላይ ነበር፤ ሣሩ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ተጫዋቾቹ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ ተመልካቹ ቦርጩን ይዞ ይሮጣል። በሩ ላይ የለቅሶ ድንኳን ተጥሏል። ገባሁ። ስድስተኛው አሰልጣኝ ልየው ነጠላውን አዘቅዝቆ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ደረቷን ትደቃለች።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አልኳት።

«መሞትማ በስንት ጣዕሙ! አሸነፈ እንጂ!» አለች። «ዘጠነኛ ጨዋታውን አሸነፈ! ከእንግዲህ ማን ያባርረዋል? ቤታችንን ጣሪያ እንኳ ሳናለብሰው!»

ጎረቤቱ ሁሉ ንፍሮ እየዘገነ «እግዜር ያጽናችሁ፣ ለሚቀጥለው ይሸነፋል» ይላል። እኔም ዘገን አደረግሁ። አሰልጣኙ እግሬ ላይ ተደፋ።

«እትዬ ማንያህልሻል፣ በልጆቼ ይዤዎታለሁ፣ እርስዎ ያባርሩኝ!»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«ሳሙናው በእጅዎ አይደል?»

ወዲያው ማጠቢያ ቤቴ ውስጥ ነበርን። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዶክተር አንማው የምረቃ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ገንዳዬ ላይ ጎንበስ ብለው ካልሲ ያሻሉ።

«የበረኛው ካልሲ አልለቅ አለኝ» አሉ፣ ወደ እኔ እየዘረጉት።

«መጀመሪያ ይዘፈዘፋል እንጂ ዶክተር! ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲማሩ ነበር?»

በሩ ተከፈተና ዳኛው ገባ። ሜዳው ላይ ሲግጥ ሁልጊዜ በመጥረጊያ የማባርረው ሙክት በግ ነው፤ መነጽር አድርጓል። የአሰልጣኙን ውል ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ሦስተኛውን ገጽ በላው።

«ክቡር ዳኛ! የካሳው አንቀጽ እኮ እዚያ ላይ ነበር!» ብሎ ልየው ጮኸ።

«ጨው ይጎድለዋል» አለ በጉ። ወደ እኔ ዞረ። «የዚህች ሴት ውልስ?»

«የላትም» አሉ ዶክተሩ ካልሲውን እየጨመቁ።

«እንግዲያው የመጨረሻ ቀንም የላትም። ውል ያለው ውሉ ሲያልቅ ያበቃለታል። እሷን ማባረር ያሰበ እስከ ምጽአት ያለውን ደመወዟን ይክፈላት!»

«እስከ ምጽአት?» ዶክተሩ ገንዳው ውስጥ ቁጭ አሉ። «በጀታችን እኮ ሰኔ ላይ ይዘጋል! እስከ ጥምቀት እናድርገው እትዬ፣ በእናትዎ!»

«ገንዘቡን ይተዉት። ሠራተኛችን ናት የምትል አንዲት ወረቀት ብቻ ይጻፉልኝ» አልኩ።

ዶክተሩ እስክሪብቶ አነሱ። በጉ ወረቀቱን አይቶ ምራቁን ዋጠ።

«አንቺ! ማንያህልሻል!»

ብንን ስል አቶ ሽባባው ከላዬ ቆሟል።

«አሰልጣኝ ልየው ዛሬ ተባረረ» አለኝ። «የሃያ ወር ደመወዜን ብሎ አንቆ ይዞን ልንከፍለው ነው። ስለዚህ ወጪ መቀነስ አለብን። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

«ደብዳቤዬስ?»

«በአፍ ለተቀጠረ ምን ደብዳቤ አለው?»

«በጽሑፍ ካልሰጡኝ አልተባረርኩም» አልኩና ማሊያውን ዘፈዘፍኩ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሐሙስም ሄድኩ። ሲቆጣ አጥባለሁ፣ ሲጮህ አሰጣለሁ። ዓርብ ዕለት ትዕግሥቱ አለቀና የማሰናበቻ ደብዳቤ አስጽፎ ወረወረልኝ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ወይዘሮ ማንያህልሻል ካሴ ከአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ ከማሊያ አጣቢነት ሥራቸው ተሰናብተዋል።» ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ክብ ማኅተም አለው።

ሁለት ኮፒ አስነሣሁና በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄድኩ።

«እማማ፣ እዚያ ሠራተኛ እንደነበሩ ማስረጃ አለዎት?» አለችኝ የመዝገብ ቤቷ ልጅ።

«እንዴታ!» አልኳት። «አቶ ሽባባው ራሱ ፈርሞ ሰጥቶኛል።»