ኮምፒውተር ውስጥ ያለችው ባለጉዳይ

ጌም ሰውን ለምን እንዲህ አፍዝዞ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ? እኔ እዚሁ ጂንካ፣ በሥራ ሰዓት ተምሬዋለሁ።

ለላሜ መድኃኒት ፍለጋ የእንስሳት ጤና ቢሮ ስገባ፣ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ጎራዴ ታጥቆ ፈረስ ይጋልባል። አጠገቡ ከሩቁ የአርቦሬ ቆላ የመጡ ከብት አርቢ ሽማግሌ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ከብት እያለቀ ነው። ሐኪም ይምጣ» ይሉታል።

«አባባ፣ መኪናው ነዳጅ የለውም አልኩ እኮ!» ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ «ምኑ ነው እንዲህ የጣመህ?» አልኩት።

ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ እኮ ጀግና ነኝ! የተቸገረ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ይኸው፣ የዚህችን ሴትዮ ላም ዘንዶ ወስዶባት፣ ተራራ አቋርጬ ላስመልስላት ነው። ሰው በረዳሁ ቁጥር ደረጃዬ ያድጋል!»

ቢሮው ውስጥ ግን ማንንም ሳይረዳ አድጓል፤ የቡድን መሪ ነው! ለሰው መድረስ እንዲህ የሚጥመው ከሆነ፣ ፊቱ የቆሙት ሰውዬ ምን አጎደሉ? ልጮህበት አፌን ስከፍት ሽማግሌው ቀደሙኝ። ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሴትዮ ትኩር ብለው አዩና በእርጋታ ጠየቁት፦

«ልጄ፣ እሷ የማን ዘመድ ናት?»