ስልሳ ሦስት ሰው ያልሰማው ቤዝ

ጆሮ ያለው ይስማ የተባለበት ዘመን አልፎ፣ ጣት ያለው ይጻፍ ወደሚባልበት የሠለጠነ ዘመን ለመድረስ መታደላችንን የምንክድ ውለ ቢሶች አይደለንም። ድሮ አንድ ሙዚቃ ጥሩ ይሁን መጥፎ ለማወቅ ሰው ከቤቱ ወጥቶ፣ ወንበር ይዞ፣ እስከ መጨረሻው መስማት ነበረበት። ስንት ጉልበት ባክኗል! ዛሬ ከቪዲዮው ሥር ወርዶ አስተያየቱን ማንበብ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይጠብቃል።

ይህን ከማንም ቀድሞ የተረዳው የከተማው ሙዚቃ አዳራሽ ጽሕፈት ቤት ነው። ጽሕፈት ቤቱ አንድ የጃዝ ባንድ አለው። በባንዱ ውስጥ ደግሞ ለስድስት ወር በሙከራ የተቀጠረች ቤዝ ጊታር ተጫዋች አለች። የቅጥር ደብዳቤዋ የመጨረሻ አንቀጽ «ቋሚ የመሆንዎ ጉዳይ በሙከራው ማብቂያ የተመልካች አስተያየት ተመዝኖ የሚወሰን መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» ይላል። በምን ሚዛን እንደሚመዘን አልተጻፈም፤ ግልባጭ የደረሳቸው ስድስት ክፍሎችም አልጠየቁም።

ደብዳቤውን ደጋግመው ያነበቡት የልጅቱ አያት ናቸው። ሰፈሩ «እማማ ሥጋት» ይላቸዋል፤ ስሙም በከንቱ የወጣ አይደለም። ሰማይ ሲጠራ «ምን ሊያመጣ ነው?» የሚሉ፣ ስልክ ሲጮህ «ማን ሞተ?» ብለው የሚያነሱ፣ ለሰው ሁሉ ቀድመው የሚጨነቁ አስተዋይ ሴት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ከጨቅላነቷ ጀምረው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ቤዙን ይዛ የገባች ቀን «በር የሚያህል ነገር ተሸክማ ወገቧ ሊቀነጠስ ነው» ብለው አለቀሱ፤ በማግስቱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃቸው ማንገቻውን በስፖንጅ ደርበው ሰፉላት።

የልጅቱ የመጀመሪያ ኮንሰርት ላይ አልተገኙም። አዳራሹ አርባ ሁለት ደረጃ አለው፤ የእማማ ሥጋት ጉልበት ደግሞ አሥር ላይ መቁጠር ያቆማል። በሳምንቱ ቪዲዮው ሲለቀቅ ግን ስልካቸውን በስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ድራሙ ይሰማል። ፒያኖው ይሰማል። ሳክስፎኑማ እንደ ተቆጣ ዝይ ይሰማል። የልጅ ልጃቸው ጣቶች ክሮቹ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፤ ድምፅ የለም። ጭራሽ የቤዙ ተራ ደርሶ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው እሷን ብቻዋን ሲተዋት፣ ካሜራው ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞረና ሦስት ደቂቃ ሙሉ የጽሕፈት ቤቱን ሥራ አስኪያጅ አሳየ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዝምታና ራስ፣ ሌላ ምንም።

«ወይኔ ልጄን! ድምጿን ቀሟት!» አሉ እማማ ሥጋት።

አጠገባቸው የተቀመጠው ታናሽ ወንድማቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ስብሰባ ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ ስለወጣ ቤተሰቡ «ቃለ ጉባኤ» ይለዋል።

«እስቲ ጨምሪው፣ እትዬ» አለ።

«አልቋል! ከዚህ በላይ ወዴት ይጨመር?»

ቃለ ጉባኤ በራሱ ስልክ ከፈተው። የሚስቱንም ስልክ አስመጥቶ ከፈተው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«በሦስት ስልክ ተጣርቷል። ቤዝ የለም።»

«ያ የድምፅ ሠራተኛ ነው። ከመጀመሪያውም አላማረኝም።»

«አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ለምንድን ነው የማይታየው? ንጹሕ ሰው ይታያል!»

ልጅቱ ከልምምድ ስትመለስ ሁለቱን አፍጥጠው ስልክ ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ነገሩ ሲነገራት ሳቀች።

«እምዬ፣ ስልክ እኮ ቤዝ አያወጣም። ስፒከሩ ጥፍር የምታህል ናት፤ ወፍራም ድምፅ ከየት ታምጣ? ጆሮ ማዳመጫ አድርጊበትና ስሚው።»

«ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ? ጎረቤት ሲጠራኝስ በምን ልስማ?»

«እሺ ተዪው። ብቻ እባካችሁ ምንም እንዳትጽፉ።»

«እሺ» አሉ እማማ ሥጋት። በዚያ ቤት «እሺ» ማለት «ቆይ ውጪና» ማለት ነው።

እንደ ወጣችም ቃለ ጉባኤ አረቀቀ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ጉዳዩ፦ የቤዝ ድምፅ አለመሰማትን ይመለከታል» ብሎ ጀምሮ በአራት አንቀጽ ያልቃል። እማማ ሥጋት «እኔ ራሴ ሳልጨርሰው እንቅልፍ ወሰደኝ» ብለው መለሱበት። የጸደቀው «ቤዙ አይሰማም። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ይስተካከል» የሚለው ሲሆን፣ የፅጌረዳ ሥዕል ካለበት የእማማ ሥጋት ገጽ ተለጠፈ።

ያን ጊዜ ከቪዲዮው ሥር ዘጠኝ አስተያየቶች ብቻ ነበሩ። «አንደኛ ነኝ» ይላል የመጀመሪያው። «መብራቱ ያምራል» ይላል ሌላው፤ «መብራቱ ዓይን ያጠፋል» ይላል ከሱ ታች ያለው። «ሳክስፎን ነፊው ከስቷል፣ ምን ነካው?» ብላ የተጨነቀች አለች። «ተለማምደው ሲጨርሱ ንገሩኝ፣ ሙዚቃው ሲጀምር እመለሳለሁ» ያለ የጃዝ ሊቅም አለ። አንዱ ግን «በጆሮ ማዳመጫ ለሰማው ሰው፣ ቤዟ ልብ ታቀልጣለች» ብሎ ጽፏል። ቃለ ጉባኤ ይህን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼ የድምፅ ሠራተኛው ዘመድ ነው።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ዘመድ ተጠራ። የአክስት ልጆች፣ የአክስት ልጆች አማቾች፣ የእማማ ሥጋትን ጥርስ የነቀለው ሐኪምና ባለቤቱ፣ ሁሉም ሥዕላቸው አበባ ወይ ሕፃን የሆነ ቅን ሰዎች፣ በሁለት ቀን ውስጥ «ቤዙ አይሰማም» ብለው መሰከሩ። አንዲት የሩቅ ዘመድ የተላከላትን ሳታነብ «ነፍስ ይማር» ብላ ጽፋ፣ ተደውሎላት አስተካክላለች። ያን በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁ ባዩንም ሰባት ሰው ተቀባብሎ «ስንት ተከፈለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ አልመለሰም፤ ጥፋተኝነቱ በዚህ ተረጋገጠ። ቃለ ጉባኤ በደብተሩ ላይ እያሰመረ ቆጠረ። ስልሳ ሦስት።

ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ያለ የሕዝብ ማዕበል አይቶ አያውቅም። ወዲያው አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተዋቀረ። ስለ ቤዙ መጀመሪያ የጻፉት እናትም «የተመልካቹን ኅብረተሰብ በመወከል» በአካል ቀርበው እንዲያስረዱ ተጋበዙ። እማማ ሥጋት አርባ ሁለቱን ደረጃ በአራት እረፍት ወጡት። ለልጅቱ አልነገሯትም፤ ሥራዋ ላይ ሐሳብ እንዳይሆንባት።

ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

«እናቴ፣ በመጀመሪያ ለገለልተኝነት ሲባል አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሙዚቀኛዋ ጋር ዝምድና አለዎት?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ከየት አውቄያት?» አሉ እማማ ሥጋት፤ በልባቸውም ይቅርታ ለመኑ። «እኔ እንዲሁ የጃዝ ወዳጅ ነኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ… ከልጅነቴ።»

ኮሚቴው በአድናቆት አጉረመረመ። ቀጥሎ የድምፅ ባለሙያው ተጠራ። ከስቶ የረዘመ፣ ገመድ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ወጣት ነው፤ እማማ ሥጋት ሲያዩት የሚያስፈራ ነገር አጡበትና ይበልጥ ፈሩ።

«ጌታዬ፣ ቤዙ በደንብ ተቀድቷል» አለ። «ስልክ ስለሆነ ነው የማይሰማው። ትልቁ ስፒከር ያውና ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ደቂቃ ስጡኝ፣ አሁኑኑ ላሰማችሁ።»

«ቆይ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሕዝቡ ትልቅ ስፒከር አለው?»

«የለውም።»

«ሕዝቡ የሌለውን ነገር ለእኛ ልታሰማን ነው? እኛ ከሕዝቡ በምን እንበልጣለን?»

አንድ የኮሚቴ አባል አጨበጨበ። አምስቱም አባላት ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩና አንድ ላይ ከፈቱ። ድራምና ሳክስፎን አምስት ቦታ፣ አንዱ አንዱን እየቀደመ ጮኸ። ቤዝ የለም። ሥራ አስኪያጁ የራሳቸው ፊት በሚታይበት ቦታ ላይ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ መልሰው ካዩ በኋላ «የቀረጻው ጥራት ግን የሚደነቅ ነው» ብለው በስብሰባው መዝገብ አስያዙ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለ ባለሙያው።

«በሚቀጥለው ኮንሰርት ቤዙን ከፍ ታደርጋለህ።»

«እስከ የት?»

«እስከሚሰማ!»

«ስልክ ላይ እስከሚሰማ ድረስ ከጨመርኩት፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው—»

«እስከ መጨረሻው» አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ «የሕዝብ ጥያቄ በግማሽ አይመለስም!»

ባለሙያው ወደ እማማ ሥጋት ዞረ። «እናቴ፣ ልጅቷ እኮ በጣም ጎበዝ ናት። እንዲህ ከሆነ ጉዳቱ ለእሷ ነው።»

እማማ ሥጋት ይህን ሲሰሙ «እንግዲያስ ይቅር» ሊሉ ነበር። ግን ስልሳ ሦስት ሰው ወክለው መጥተው ማፈግፈግ ክህደት መሰላቸው። «ሕዝቡ ያለው ይሁን» አሉ።

ለሁለተኛው ኮንሰርት ፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቀጥሎ ወንበር ተሰጣቸው። ልጅቱ ከመድረክ ስታያቸው ዓይኗን ማመን አቃታት፤ እሳቸው እንዳላዩ ፕሮግራሙን ማንበብ ጀመሩ። ከዚያ ባለሙያው በታዘዘው መሠረት የቤዙን ድምፅ መጨመሪያ እስከ ጥግ ገፋው።

የመጀመሪያው ኖታ ሲወጣ የሥራ አስኪያጁ የውኃ ብርጭቆ ከጠረጴዛው መሐል ተነስቶ ወደ ዳር መራመድ ጀመረ። ከጣሪያው የኖራ ብናኝ ወርዶ የእንግዶችን ትከሻ አለበሰ። ሳክስፎን ነፊው ጉንጩን ነፍቶ ቆሟል፤ ምን እንደሚነፋ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። ከኋላ ያሉት እንግዶች ጆሯቸውን ይዘው አንድ በአንድ ወጡ፤ የጥርስ ሐኪሙም ከነባለቤቱ አብሮ ወጣ።

እማማ ሥጋት ግን አልወጡም። ድምፁ በጫማቸው ገብቶ፣ በጉልበታቸው አልፎ፣ ደረታቸው ውስጥ ተቀመጠ። ያቺ ጡጦ ይዛ ስትተኛ የምታንኮራፋ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ነገር ስትናገር ኖራለች ለካ። እንባቸው ወረደ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሙሉ በምንም አልሰጉም።

ቪዲዮው በሳምንቱ ተለቀቀ። ስልክ ላይ ቤዙ እንደ ፊተኛው የለም። አሁን ግን ቤዙ የዋጣቸው ሳክስፎኑና ፒያኖውም የሉም፤ የቀረው ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ የምታሰማው ዓይነት ንዝረት ብቻ ነው። ካሜራው በዚህኛው ሥራ አስኪያጁን ከሁለት ማዕዘን አሳይቷል።

«አሁንም አይሰማም!» አሉ እማማ ሥጋት ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው። «ጭራሽ ሁሉንም ቀሟቸው!»

«ደብተሩን ላምጣ?» አለ ቃለ ጉባኤ።

በሁለት ቀን ውስጥ ስልሳ ሦስቱም «አሁንም አይሰማም» ብለው ጻፉ። ሮጦ የወጣው የጥርስ ሐኪም ሳይቀር።

የሙከራው ስድስት ወር ሲያልቅ ልጅቱ የታሸገ ደብዳቤ ይዛ መጣች። አያቷ ስልክ እንኳ ሳይጮህ «ማን ሞተ?» አሉ። ቆማ አነበበችው።

«በሁለት ተከታታይ ኮንሰርቶች ላይ ከሕዝብ የቀረቡ አንድ መቶ ሃያ ስድስት አስተያየቶች በጥንቃቄ ተመዝነው፣ እርስዎ እንደማይሰሙ ያለ አንዳች ልዩነት ተረጋግጧል። በሁለተኛው ኮንሰርት መሣሪያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ባለመሰማትዎ፣ ችግሩ የመሣሪያ ሳይሆን የባለሙያ መሆኑ ታውቋል። አንድ ግለሰብ ‹ሰምቻለሁ› ያለ ቢሆንም፣ ብቻውን በመሆኑ ውድቅ ተደርጓል። ስለዚህ የሙከራ ቅጥርዎ መቋረጡን እያሳወቅን፣ ያለ አግባብ ለተጠረጠሩት የድምፅ ባለሙያ የምስጋና ወረቀት የተሰጠ መሆኑን እንገልጻለን። በተለይም ከእርስዎ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው አንዲት የጃዝ ወዳጅ እናት፣ አርባ ሁለት ደረጃ ወጥተው ለሰጡት እውነተኛ ምስክርነት ያለን አክብሮት የላቀ ነው።»

ቃለ ጉባኤ «አጻጻፉ እንኳን ጥሩ ነው» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ልጅቱ ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እምዬ፣ እዚያ ፊት ተቀምጠሽ ነበር። እውነቱን ንገሪኝ፤ አልሰማሽኝም?»

«እንዴት አልሰማሽም!» እማማ ሥጋት ደረታቸውን መቱ። «እዚህ ገብተሽ ነበር እኮ! አጥንቴን ነዘርሽው! ሦስት ቀን ሙሉ አልወጣልኝም!»

«ታዲያ ‹አሁንም አይሰማም› ብለሽ የጻፍሽው ምን ሆነሽ ነው?»

እማማ ሥጋት የልጅ ልጃቸውን እያዘኑላት አዩዋት፤ ይህን ሁሉ ተምራ፣ ስለ ዓለም ገና ብዙ የሚቀራት ልጅ።

«አይ ልጄ» አሉ። «ስልሳ ሦስት ሰው አይሰማም እያለ፣ እኔ ብቻዬን ሰማሁ ብዬ ከሕዝብ ልለይ?»